ስለ ቤት ውስጥ ቅብና ስለ እጅ ሥራ ዕቃዎች



በዛሬው ንግግሬ ላወሳ ያሰብሁት፣ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን ሳያናጋ፣ የልጆቹንም ጤና ሳይጎዳ፣ ቤቱን እንዴት ሊያስውብ እንደሚችል ነው።

ብዙዎቻችን ጥቂት ገንዘብ ስናጠራቅም አስቀድሞ የሚታየን በከፋይ የተሸፈነ ሶፋና በዘይት ቀለም የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ነው። ይህ አሳብ ለደጋ ከተማ ቢስማማ እንኳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ለምትገኘውና ፀሐይና ነፋስ ለሚበረታባት ለአዳማ የሚስማማ አይደለም። የነፋሱን ብርታት ለመረዳት በከተማይቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የተጠናቀቁትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መመልከት ይበቃል። ይህ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ በከፋዩ ውስጥ ተሰግስጎ ይቀራል፤ ከፋዩም በበኩሉ ሙቀትን ይይዛል። እንግዲህ ቤትን ቤት የሚያሰኘው የዕቃው ውድነት ሳይሆን፣ ከአየሩና ከግድግዳው ጋር መስማማቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ግድግዳው እንናገር። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት እርጥበትን ይስባል፤ የሳበውንም ቀስ በቀስ ወደ አየር ይመልሳል። በላዩ የዘይት ቀለም ሲቀባ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቀለሙም ያብጥና ይላጣል። ኖራ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው፤ እርጥበትን አያፍንም፣ ከአየር ውስጥም ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየሳበ ተመልሶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አሠራሩም ቀላል ነው። የተፈጨውን ኖራ በውኃ በጥብጦ ማሳደር፣ በማግሥቱ በወንፊት ማጥለል፣ እንደ ወተት እስኪቀጥን ድረስም ማቅጠን ነው። ከዚያም ግድግዳውን በውኃ አርሶ፣ ስስ አድርጎ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መቀባት ይገባል። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት ማድረግ አይዘንጋ። አስቀድሞ በዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ግን ኖራ አይዝም፤ ለእንዲህ ያለው ግድግዳ የውኃ ቀለም ይሻላል።

በዚህ ቦታ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ሊገኝ ይችላል። ሕፃናት በወለል ላይ ሲድኹና እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲያደርሱ የቀለሙን ብናኝ ይውጣሉ፤ ይህም የአንጎላቸውን እድገት ይጎዳል፤ ጉዳቱም ተመልሶ አይጠገንም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ከዚያ አስቀድሞ የተቀባው ግን ዛሬም በየግድግዳችንና በየመስኮታችን ላይ አለ። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም በደረቁ መፋቅና ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም። ያልተላጠ ከሆነ አጥቦ በላዩ መቀባት፣ የተላጠ ከሆነም ልጆችን ከቤት አርቆ፣ በውኃ እያራሱ ማንሣትና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ቀጥሎ ወደ ጌጡ እንምጣ። ለጌጥ አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ፈረሰኛና የዱር አራዊት በልዩ ልዩ ቀለም የተሣሉባቸውን የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች ሳያይ አያልፍም። የአርሲ ሴቶችም የቤታቸውን ግድግዳ ከየአካባቢያቸው በሚያገኙት አፈር ያስጌጣሉ። እኛም ቀዩን አፈር አድቅቀንና ነፍተን በጥቂቱ ከኖራው ጋር ብንቀላቅለው ለዓይን የሚለዝብ ቀለም እናገኛለን። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚፈካ አስቀድሞ በግድግዳው ጥግ መሞከር ያስፈልጋል። ጌጡን ለማውጣት ደግሞ የነጠላን ጥለት ወይም የሰፌድን ስፌት በወፍራም ካርቶን ላይ ሥሎ ቆርጦ ማውጣት፣ በከሰል የተቀባ ገመድ ወጥሮ ቀጥተኛ መሥመር ማስመር፣ ካርቶኑንም በመሥመሩ ላይ ይዞ ቀለሙ በተጨመቀ ስፖንጅ መጠቅጠቅ ነው። ስፖንጁ ብዙ ቀለም ከያዘ ጌጡ ይንጠባጠባል። ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ የሚዞር አንድ ጥለት ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ አራቱንም ግድግዳ በሥዕል መሙላት ዓይንን ያደክማል።

ስለ ዕቃው ደግሞ፣ በጠፍር የተሠራ አልጋና በርጩማ ነፋስ ስለሚያሳልፉ ለቆላ አገር ከስፖንጅ ይመረጣሉ። ከአዋሽ በታች የአፋር ሴቶች ከዘንባባ የሚሠሩት ምንጣፍ ለወለልም ለመደብም ያገለግላል፤ አቧራውም በማራገፍ ይለቃል። ሰፌዱ ከእንጀራ ሥራ ሲያርፍ፣ ሐረሮች እንደሚያደርጉት በግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከተገዛ ሥዕል አያንስም። ከአቡጀዲ የተሰፋ መጋረጃ ጠርዙን በጥልፍ ቢያስጌጡት የቀትሩን ፀሐይ ያለዝባል። በዚህ አገር ምስጥ ስለሚበዛ የእንጨት ዕቃ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እግሩም በየጊዜው ይታይ።

በመጨረሻ የምለው ስለ ሠሪዎቹ ነው። በአገራችን ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዛሬም ለፋብሪካ ዕቃ የተጻፈውን ዋጋ ያለ ቃል እየከፈልን፣ የሳምንት ድካም የፈሰሰበትን ሰፌድ ግን በክርክር ዋጋውን ስናወርድ እንገኛለን። የእጅ ሥራ የሚጠፋው ሠሪው ልጁን ሊያሳድግበት ሳይችል ሲቀር ነው። ስለዚህ ቤታችንን ስናስጌጥ ተገቢውን ዋጋ ብንከፍል፣ በግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሥራውን ማክበራችንም ጭምር ይሆናል፤ ልጆቻችንም ይህንኑ እያዩ ያድጋሉ።