ርካሹ የጤና መድን ማንን ይተዋል?



ነጋዴዎች ሲፎካከሩ ዋጋ ይቀንሳል፤ ገዢም ይጠቀማል። የጤና መድን ግን ለየት ይላል። ለኩባንያው ወጪ መቀነሻ ቀላሉ መንገድ በሽተኛውን አለመቀበል ነውና። በአሜሪካ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ በብዙ ግዛቶች መድን በግሉ የሚገዛ የስኳር ሕመምተኛ በሕመሙ ሰበብ ሊከለከል ይችል ነበር። በ2010 የወጣው ሕግ ይህን ከ2014 ጀምሮ አገደ። ሆኖም «የአጭር ጊዜ» የሚባሉት ርካሽ ውሎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው፤ ቀድሞ የነበረን ሕመም ላይሸፍኑ ይችላሉ።

እዚያ ዘመድ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ዋጋውን ሳይሆን አስቀድሞ ውሉን እንዲያነቡ ምከሩ። ቁጥጥሩ ይላላ ሲባልም ሁላችንም «ማን ሊቀር ነው?» ብለን እንጠይቅ።