ያውቁ ኖሯል? ማርከስ ሳሙኤልሰን ካሳሁን ጽጌ ነበር

እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው በዲሽ የሚመለከቱት «ቾፕድ» የተባለው የአሜሪካ የምግብ ሥራ ውድድር ዳኛ ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ የወጣለት ስም ካሳሁን ጽጌ ነበር።

ገና ሕፃን ሳለ እሱ፣ እናቱና ታላቅ እህቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። እናቱ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከገጠር በእግሯ ተጉዛ አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ልጆቹ ዳኑ፤ እሷ ግን ሕይወቷ አለፈ። የዚህች እናት ጉዞ ከልጇ ሽልማቶች ሁሉ በፊት ሊነገር ይገባዋል። ወንድምና እህቱን ያሳደጓቸው የጎተንበርግ ከተማ ስዊድናውያን ናቸው።

ማርከስ እ.ኤ.አ. በ2010 «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» የተባለውን የሪያሊቲ ውድድር አሸነፈ፤ የሽልማቱ ገንዘብም ለዩኒሴፍ ሥራ ዋለ። በ2018 ደግሞ ፒቢኤስ በተባለው ጣቢያ «ኖ ፓስፖርት ሪኳየርድ»ን በአቅራቢነትና በዋና ፕሮዲዩሰርነት ጀመረ። ዝግጅቱ በየክፍሉ አንድ የአሜሪካ ከተማ ገብቶ የአንድን ስደተኛ ማኅበረሰብ ማዕድ ይጎበኝ ነበር፦ ዲትሮይት የዐረቦችን፣ ማያሚ የሄይቲዎችን። ለዋሽንግተን ዲሲ የተመረጠው የኢትዮጵያውያን ማዕድ ነበር።

ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጀመሪያውን የመንግሥት እራት ግብዣ ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ሲያደርጉም እንግዳ ሼፉ እሱ ነበር። አዲስ አበባም «ማርከስ አዲስ» የተባለ ምግብ ቤት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንጻ ላይ ከፍቷል።