ጊዮርጊስና ቡና ቢወጡ ይዘው የሚሄዱት ሁለት ጨዋታ ነው

ከገራዶ እስከ ደሴ ፒያሳ፣ ሐረጎን ወርዶም ኮምቦልቻ ድረስ፣ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ሁሉ አንድ ቅሬታ አይጠፋም። «ሊጉን የተሸከሙት ጊዮርጊስና ቡና ናቸው፤ ደጋፊ ከሌለው ጋር ለምን ይካፈላሉ? ወጥተው የራሳቸውን አይመሠርቱም?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ይውጡና ይገላግሉን፤ ያኔ ለደሴ ከተማና ለወሎ ኮምቦልቻ ክለቦች ቦታ ይገኛል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የተነሱት ከአንድ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ ግን የተሳሳተ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ2011 የውድድር ዘመን ስታዲየሞች የፖለቲካ መናቆሪያ ሆነው፣ ቡድኖች ወደ ሌላ ከተማ ለመጓዝ ሲሳቀቁ ከረሙ። መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫውን ባነሳበት በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ኢትዮጵያ ቡናን ጨምሮ የአዲስ አበባ ክለቦች ከሊጉ ወጥተው የራሳቸውን ውድድር ለማቋቋም ተነሱ። ነገሩ ግን በመለያየት አልተቋጨም። ክለቦቹ ራሳቸው ባለድርሻ የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ተቋቁሞ ሊጉን ከፌዴሬሽኑ ተረከበ። በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየት የጀመሩትም በዚሁ ማኅበር ውል ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙ ሰው ቴሌቪዥን የሚገዛው ክለብን ይመስለዋል። ብዙ ደጋፊ ያለው ክለብ ብዙ ገንዘብ ያመጣል፣ ስለዚህ ሲወጣ ያመጣውን ይዞ ይወጣል ብሎ ያስባል። ሊግ ግን እንደ ድፎ ዳቦ የሚቆረስ ነገር አይደለም። ገዥው የሚገዛው ጨዋታን ነው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ደግሞ ሁለት ባለቤት አለው።

ሊጉ በ16 ክለቦች ይካሄድ በነበረበት ቁጥር እናስላ፤ 16 ክለቦች በደርሶ መልስ ሲጋጠሙ 240 ጨዋታ ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ጊዮርጊስና ቡና እርስ በርስ የሚያደርጉት ሁለቱን ብቻ ነው። ከቀሩት 14 ክለቦች ጋር የሚያደርጉት 56 ነው። የቀሩት ክለቦች በመካከላቸው 182 ያደርጋሉ። ሁለቱ ክለቦች ተያይዘው ቢወጡ 182ቱ ጨዋታ ለሊጉ ይቀራል፣ ሁለቱ ለእነሱ ይሆናል። 56ቱን የሚያገኝ ማንም የለም። ፋሲል ከነማ ከጊዮርጊስ፣ ባህር ዳር ከቡና፣ ሲዳማ ቡና ከሁለቱም የሚያደርጓቸው፣ ተመልካች የሚሻማባቸው ጨዋታዎች ከገበያው ይጠፋሉ። አምስት ክለቦች አብረው ይውጡ ብንል እንኳን አምስቱ የሚኖራቸው 20 ጨዋታ ነው፤ የቀሩት 11 ክለቦች 110 ይይዛሉ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይደረጉ የነበሩት ሌሎች 110 ጨዋታዎች ደግሞ የትም አይደርሱም። ከጠቅላላው እቃ ግማሽ ያህሉ ማንም ሳይወስደው ይቃጠላል ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም፤ በአገራችን በተግባር ታይቷል። በ2013 የትግራይ ሦስት ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ በጦርነቱ ምክንያት ሲቀሩ ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሄደ። ከክለቦቹ የጎደለው ከአምስት አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ጨዋታው ግን ከ240 ወደ 156 ወረደ፤ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያለ ጨዋታ ያርፍ ነበር።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ዋልተር ኒል ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ አንስቶታል። ቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ገቢው ከፍ የሚለው እንደ ማክስ ሽሜሊንግ ያለ ብርቱ ተጋጣሚ ሲኖረው ነው፤ ሁሉንም ቢያጠፋ ግን የሚሸጠው ነገር አይኖረውም ይላል። ስለ ስፖርት ገንዘብ ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

«ታዲያ በአሜሪካ እየወጡ አይደል ወይ የከበሩት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በእጅም በሚያዘው በእነሱ እግር ኳስ፣ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው የቴሌቪዥን መብታቸውን በጋራ ይሸጣሉ። የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ፓክ 12 ከሚባለው ማኅበር እንደሚወጡ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 አስታወቁ። ሌሎችም ተከተሉ፤ በ2024 ከ12ቱ አባላት ሁለት ብቻ ቀሩ። የወጡት ግን ብቻቸውን ሜዳ ላይ አልቆሙም። ሎስ አንጀለሶቹ ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴት ወዳሉበት፣ የላቀ የቴሌቪዥን ውል ወዳለው ቢግ ቴን ነው የገቡት። ተጋጣሚም፣ የሚሻሙ ጣቢያዎችም እዚያ ይጠብቋቸው ነበር። እውጣለሁ የሚል ክለብ ጉልበቱ በደጋፊው ብዛት ሳይሆን ውጭ በሚጠብቀው ገበያ ይለካል። ለጊዮርጊስና ለቡና የሚሆን ሁለተኛ ሊግ የት አለ? የኬንያ ሊግ አይወስዳቸው፣ የግብፅ ሊግ አይወስዳቸው። የሚሻሙ ጣቢያዎችም በእኛ ገበያ ተሰልፈው አልቆሙም። ሁለት ሻጭ ሆነው አንድ ገዥ ፊት ቢቆሙ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዥው ነው።

ስለ ዋጋው ካነሳን፣ የዲኤስቲቪው ውል ሲፈረም የተነገረው 68 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት የሚል ነበር። በጭንቅላታቸው 13.6 ሚሊዮን ለዓመት፣ ለ16 ሲካፈል 850 ሺህ ዶላር ለክለብ እያሉ የሚያሰሉ ብዙ ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን የጠቅላላ ድምር ማስታወቂያ አላምንም። በስርጭት ውሎች የካሜራው፣ የባለሙያውና የጉዞው ወጪ ከመብት ክፍያው ጋር ተጠቅልሎ በአንድ ቁጥር መነገሩ የተለመደ ነው። ክለቡን የሚመለከተው በባንክ ሒሳቡ የገባው ገንዘብ ነው። አክሲዮን ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ክለብ ያከፋፈለውን፣ በምን ቀመር እንዳከፋፈለም በየዓመቱ በጋዜጣ ያውጣ። ያ ቁጥር በይፋ እስካልወጣ ድረስ ትልልቆቹ እንደተበዘበዙ፣ ትንንሾቹም እንደተረሱ ያስባሉ፤ ሁለቱም ሊያስረዱ አይችሉም።

የትልልቆቹ ቅሬታ ግን ባዶ አይደለም፤ ይህን ደግሞ በግልጽ መናገር ይገባል። ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በየተራ እየተሰበሰቡ ሲካሄዱ ለቀረጻ ቀልሏል፣ ወጪም ቆጥቧል። ወጪው ግን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ አልጠፋም። ስታዲየም የሚሞላ ደጋፊ ያለው ክለብ የሜዳ መግቢያ ገቢውን ሲያጣ፣ መቶ ሰው የማይመጣለት ክለብ ያጣው ነገር የለም። ለጋራ ጥቅም ሲባል አንዱ ብቻ የሚከፍለው ዋጋ ካሳ ያሻዋል። ስለዚህ ከመብቱ ገንዘብ የተወሰነው በተመልካች ብዛት ይከፋፈል፤ የተመልካቹንም ቁጥር ከማኅበሩም ከክለቦቹም ውጭ የሆነ ገለልተኛ አካል ይቁጠረው። ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ኤሲሲ የተባለውን ማኅበሩን ከሶ፣ በመጋቢት 2025 በስምምነት ሲቋጭ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ አልወጣም፣ የክፍፍሉን ቀመር ግን አስቀየረ። ጊዮርጊስና ቡና መታገል ያለባቸው ለዚህ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ምን ያገኛሉ? ትልልቆቹ ቢወጡ ቦታ ይለቀቅ ይሆናል፤ የሚለቀቀው ግን ገንዘብ የሌለው ቦታ ነው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሲቀንስ ጉድለቱን የሚሞላው ያው በጀት ነው፤ ከውሃው፣ ከመንገዱ፣ ከትምህርት ቤቱ ላይ ተነስቶ። ወደ ላይኛው ሊግ የሚያድግ የወሎ ቡድን ጊዮርጊስን ሆጤ ሜዳ ላይ የማስተናገድ መብት ካላገኘ ማደጉ ለደሴ ሆቴል፣ ለኮምቦልቻ ታክሲ፣ ለገራዶ አትክልት ሻጭ የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው። የከተሞቻችን ምክር ቤቶች የክለብ በጀት ሲያጸድቁ አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቡድናችን ካደገ በሜዳችን ስንት ጨዋታ እናስተናግዳለን? የመግቢያው ገንዘብስ ለማን ይገባል?