የአሮጌ ጊታር እድፍና ዕድሜ

በከተማችን በብዙ ቤት ውስጥ ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ከአልጋ ሥር የተጣለ አንድ አሮጌ ጊታር ይገኛል። አንዱ የቤቱ ልጅ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ነው፤ ሌላው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በርካሽ የተገዛ ነው፤ የአንዳንዱም ባለቤት በሞት ተለይቶ ዕቃው ብቻ ቀርቷል። አቧራ ለብሶ፥ አውታሩ ዝጎ፥ መቃኛው ደርቆ ሲታይ የቤቱ ሰዎች ከሁለት አንዱን ያደርጉበታል። ወይ እንደ ማገዶ ቈጥረው ይጥሉታል፤ ወይም «እንደ አዲስ ይሁን» ብለው ለአናጢ ሰጥተው ያስፍቁትና ቫርኒሽ ያስቀቡታል። እኛ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው እምብዛም አይሻልም እንላለን። ለምን ቢሉ፥ በአሮጌ ጊታር ላይ የሚታየው ነገር ሁለት ዓይነት ነውና፤ አንዱ እድፍ ነው፥ ሁለተኛው ዕድሜ ነው። እድፉ ሊነሣ ይገባዋል፤ ዕድሜው ግን የዕቃው አካል ስለ ሆነ እርሱን ለማንሣት የሚደክም ሰው ከአካሉ ሳይቈርጥ አይቀርም።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የጊታር ድምፅ ከወዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬውን የናይሎን አውታር ጊታር መልክና መጠን ከሁሉ ይልቅ ያጸናው በእስጳንያ አገር የአልሜሪያ ሰው የነበረው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ ነው፤ የተወለደውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1817 ዓመት፥ የሞተው በ1892 ዓመት ነው። ይህ ሰው የጊታር ድምፅ ዋና መነሻ የፊት ሰሌዳው መሆኑን ለማስረዳት በ1862 ዓመት ጀርባውንና ጐኑን ከተለጣጠፈ ወረቀት፥ ፊቱን ብቻ ከመልካም እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። ያም ጊታር በባርሴሎና ከተማ የሙዚቃ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። የፊት ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ስፕሩስ ከሚባለው የብርድ አገር ዛፍ ይሠራል፤ ውፍረቱም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በበገናችን ላይ የተወጠረው ቁርበት የሚሠራውን ሥራ በጊታር ይህ ስስ ሰሌዳ ይሠራዋል። የበገናውን ቁርበት ወፍራም ቀለም የሚቀባ ማን አለ? እንግዲህ የጊታሩን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ሁለትና ሦስት እጅ ቫርኒሽ የሚያለብሰው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መፋቁ እንጨቱን ያሳሳዋል፥ የቫርኒሹ ክብደት ደግሞ ሰሌዳው እንደ ልቡ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርገዋል።

ጨርቅና ውሃ ከመነሣቱ በፊት ምርመራ ይቅደም። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ፥ ጊታሩም ሳይመረመር አይታጠብ። መጀመሪያ አንገቱን ወደ ዓይን አቅርቦ፥ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው በርዝመቱ ማየት ነው፤ አንገቱ እንደ ደጋን ጐብጦ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ቀጥሎም አውታሮቹ በታች የሚታሰሩበትን እንጨት፥ በበገና አጠራር በርኩማ የምንለውን፥ መመልከት ያሻል። አንድ ስስ ወረቀት ይዞ ከበርኩማው ኋላ በኩል መክተት ነው፤ ወረቀቱ ከሥሩ ከገባ በርኩማው ከፊት ሰሌዳው መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነውና አውታሩ ሳይውል ሳያድር ይላላ። ከዚያም ፊቱንና ጀርባውን በጣት አንጓ በቀስታ እያንኳኳ የሚሄድ ሰው የሚንኰሻኰሽ ድምፅ ቢሰማ፥ በውስጥ የተለጠፉት ማገሮች አንዱ መላቀቁን ይወቅ። በድምፁ ቀዳዳ ትንሽ መስተዋትና መብራት አግብቶ የውስጡን ማየት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነገር ያስረዳል።

በዚህ ምርመራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የአውታሩ ጉዳይ ስለ ሆነ ጥቂት እንዘግይበት። ቀድሞ የጊታር አውታር እንደ በገናችን አውታር ከአንጀት ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ክር ስለ ተፈለገ ለሙዚቃ የሚሆነው ጠፋ። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ የነበረው ጊታር ሠሪ አልበርት አውገስቲን ከናይሎን አውታር መሥራት ጀመረ፤ ስመ ጥሩው የእስጳንያ ጊታር ደርዳሪ አንድሬስ ሴጎቪያም ስለ ወደደለት ናይሎኑ በዓለም ተስፋፋ። በአሜሪካ ደግሞ ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በብረት አውታር ለሚደረደር ጊታር አካሉ ጠንከር ተደርጎ መሠራት የተለመደ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ዓይነት ጊታር አለ፤ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፥ ጉልበታቸው ግን አይተካከልም። ስድስቱ የናይሎን አውታሮች ተባብረው የሚስቡት ወደ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የብረቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ወደ 70 ኪሎ ግራም ያህል ይስባሉ። ለናይሎን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት አውታር ያሠረ ሰው፥ በዚያ ስስ ሰሌዳ ላይ ሌሊትና ቀን የማይወርድ አንድ ጐልማሳ አስቀምጦበታል ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ አውታሩ በበርኩማው ላይ ተቋጥሮ የሚታሰር፥ ራሱም በሁለት ረዥም ቀዳዳ የተፈለፈለ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የናይሎን ነው። አውታሩ በበርኩማው ቀዳዳ ገብቶ በትንንሽ ችካል የሚያዝ ከሆነ ግን የብረት ነው።

የዚህ ነገር ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በአንዲት ዘመዳችን ወይዘሮ ቤት ተመልክተናል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ የሚደረድሩት የናይሎን ጊታር ነበራቸው። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ድምፁ ከፍ እንዲልለት ብሎ የብረት አውታር አሠረበት፤ ዓመት ሳይሞላ የፊቱ ሰሌዳ ከበርኩማው ኋላ እንደ ሆድ ተነፋ፥ በርኩማውም ከኋላው ተነሣ። ወይዘሮዋ አዝነው ወደ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ቢወስዱት «ፊቱን ሙልጭ አድርጌ ፍቄ በቫርኒሽ አንጸባርቄ እሰጥዎታለሁ» አላቸው። በጊታሩ ፊት ላይ ከድምፁ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ የሟቹ ጣቶች እየዳሰሱ ቫርኒሹን የጨረሱት፥ እንጨቱ የተገለጠበት ስፍራ ነበር፤ ከላይ በጠርዙም ክንዳቸው ያርፍበት የነበረው ፈዞ ይታያል። ወይዘሮዋም ይህን በጣታቸው እያሳዩ «ይህስ ይጠፋል?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ደስ የሚያሰኛቸው መስሎት «ምንም ምልክት አይቀርለትም እመቤቴ» አለ። እርሳቸውም «እንግዲያስ አይነካ» ብለው ጊታሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ዕቃ በሚያድስ ባለሙያ እጅ በርኩማው ብቻ ወጥቶ እንደገና ተለጠፈ፤ የተነፋው ሰሌዳ ጥቂት ቢመለስም ፈጽሞ አልቀናም፤ የጣቶቹ ስፍራ ግን እንዳለ ነው። አሁን በናይሎን አውታር ታናሺቱ ልጃቸው ትማርበታለች።

ስለ ማጣበቂያውም አንድ ቃል እንጨምር። በመልካም የተሠራ አሮጌ ጊታር ብዙ ጊዜ የተለጠፈው ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ በሚወጣ ኮላ ነው። የዚህ ኮላ ጥቅሙ በሙቀትና በእርጥበት ተመልሶ መላቀቁ ነው፤ ዛሬ የተለጠፈውን የዛሬ 50 ዓመት የሚመጣ ሠሪ እንጨቱን ሳይጐዳ ይፈታዋል። በሱቅ የሚሸጠው ወዲያው የሚይዝ ማጣበቂያ ግን አንድ ጊዜ ከነከሰ አይለቅምና የሚቀጥለው ሠሪ እንጨት ከእንጨት ጋራ እየገነጠለ እንዲያወጣው ያስገድደዋል። ስለዚህ የተነሣ በርኩማ፥ የተሰነጠቀ ሰሌዳ፥ የተላቀቀ ማገር ለባለሙያ ይተው። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ አውታሩን አላልቶ ማስቀመጥ በራሱ ትልቅ ሕክምና ነው።

እድፉን ማስለቀቅ ግን ማንም የቤት ሰው ትዕግሥት ካለው ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። አውታሮቹ ጥቂት በጥቂት እየላሉ ይውጡ። በሆዱ ውስጥ የተከማቸውን የአቧራ ድቡልቡል ለማውጣት አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ በድምፁ ቀዳዳ አግብቶ በቀስታ እያንገዋለሉ መገልበጥ ነው፤ ሩዙ ጥራጊውን ይዞት ይወጣል። (ይህ ሩዝ ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለስ ሠራተኛዪቱን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።) ከውጭ ያለው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይነሣ፤ አቧራው ሳይነሣ በጨርቅ የሚፈትግ ሰው በአሸዋ እንደ መፈተግ ነውና ፊቱን ይጭረዋል። ከዚያ በኋላ ያረጀ የጥጥ ነጠላ ቍራጭ በውሃ ነክሮ፥ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨምቆ፥ ከመዳፍ የማይበልጥ ስፍራ እየያዙ መጥረግና ወዲያው በደረቁ ማድረቅ ነው። ቫርኒሹ አልቆ እንጨቱ የተገለጠበት ስፍራ እርጥበት አይንካው፤ እድፉ ወደ ውስጥ ይሰርጋልና። ውሃ ለማያስለቅቀው የጣት ቅባት በጥጥ ጫፍ የተነካ ምራቅ መልካም ነው። ነገሩ በጨዋ ቤት የማያምር ቢመስልም፥ በታላላቅ ሙዚየሞች አሮጌ ሥዕልና ዕቃ የሚያጸዱት ሰዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል።

አልኮል ከቶ አይቅረብ። ብዙ አሮጌ ጊታሮች የተቀቡት ሼላክ በሚባል፥ በእስያ አገር ከትንሽ ነፍሳት በሚገኝ ሙጫ ነው፤ ይህም ሙጫ የሚቀልጠው በአልኮል ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ቢጠረግበት ከእድፉ ጋራ ቅቡ ራሱ በጨርቁ ይመጣል። ሲሊኮን ያለበት የመኪናና የቤት ዕቃ ማንጸባረቂያም ለጊዜው ያበራል እንጂ፥ በስንጥቅ ገብቶ ኋላ ኮላ እንዳይዝ ይከለክላል። የኑግ ዘይትና የወይራ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ የምግብ ዘይት በእንጨት ላይ ሲቈይ ይሸታል፥ ይጣበቃልም።

የአንገቱ ገበታ፥ ጣት የሚረግጠው፥ ብዙ ጊዜ ቅብ የሌለው ጥቁር እንጨት ነው። በብረቶቹ ሥር የተጋገረው እድፍ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ወደ እንጨቱ መስመር ይፋቅ። በአግድም የተተከሉት ብረቶች ዝገው እንደ ሆነ፥ እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ፥ እንደ ሱፍ በለዘበ 0000 ቍጥር የብረት ክር ማሸት ያነጣቸዋል፤ የድስት መፈተጊያው ሽቦ ግን ይህን አይሠራም፥ ይበላቸዋል። ደርቆ የነጣ ገበታ ለእንጨት የተዘጋጀ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ ፈጽሞ ይጠረግ። መቃኛዎቹ በጥርስ ብሩሽ ተጠርገው፥ በመርፌ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በጥርሶቹ ላይ ይደረግላቸው።

ሁሉም ጊታር ለዚህ ድካም አይበቃም የሚሉ አሉ። የፊቱ ሰሌዳ ከአንድ እንጨት የወጣ መሆኑን ለማወቅ የድምፁን ቀዳዳ ጠርዝ ማየት ነው፤ ከፊት የሚታየው የእንጨቱ መስመር በጠርዙ ወደ ታች ከቀጠለ ወጥ እንጨት ነው፥ እንደ ኮምፔንሳቶ በንብርብር ከታየ ርካሽ ሥራ ነው። ይህ ለገዢ ጠቃሚ ነው። በቤት ለቀረ ዕቃ ግን ዋጋውን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ናቸው።

አዲሱ አውታር ሲታሰር ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ተብሎ ይቃኛል። ብዙ ጊዜ ሥራ የፈታ ጊታር በአንድ ቀን እስከ ልኩ አይወጠር፤ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይቃኝና አንድ ሌሊት ይደር፥ በማግሥቱም ይጨመርለት። ናይሎን እየተለጠጠ ስለሚሄድ ለብዙ ቀን ቅኝቱን ይለቃል፤ ይህ የአውታሩ ጠባይ እንጂ የጊታሩ በሽታ አይደለምና ባለቤቱ አይደንግጥ። ማረፊያውም ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ወይም በከሰል ምድጃ አጠገብ አይሁን። እንጨቱ የሚወድደው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ክረምቱ ከዚህ ያልፋል፥ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው በጋ ደግሞ ከዚህ ይወርዳል። አብዛኛው ስንጥቅ የሚመጣው በዚህ በደረቁ ወራት ነው። ስለዚህ መስከረም ሲያልቅ ክዳኑ በተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ሰፍነግ ከጊታሩ ጋራ በሣጥኑ ይቀመጥ፥ በየሳምንቱም ይታይ፤ ሰኔ ሲገባ ይውጣ።