ያውቁ ኖሯል? ጀበናን እሳት ላይ የሚያፈነዳው ውሃ ነው

በአገራችን አብዛኞቹ ሸክላ ሠሪዎች የሚተኩሱት ያለ እቶን ነው። መሬት ላይ ወይም ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ እንጨትና ኩበት ይነጠፋል፤ ድስቱ፣ ጀበናው፣ እንስራው ይደረደራል፤ ከላይ ኩበት፣ ጭድ ወይም ሣር ይለብሳል። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲሞክሩት ግን አይደለም።

ደርቋል ያሉት ሸክላ እንኳ በውስጡ እርጥበት ይደብቃል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ዕቃው ገል ይሆናል። ሠሪዋ ሥራዋን አስቀድማ በፀሐይ፣ ከዚያም ፍም ዳር የምታሞቀው ለዚህ ነው።

ጭቃው ከነጭራሹ ሸክላ የሚሆነው ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ያኔ ከአፈሩ ጋር በኬሚካል የተሳሰረው ውሃ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢዘፈዝፉትም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም።

በተዘጋ እቶን አደራደሩ ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተኮሱ ዕቃዎች ቢነካኩ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ቢገባም ችግር የለም። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ልባስ የተቀቡት ግን ከተነካኩ ልባሱ ቀልጦ ያጣብቃቸዋል። የዕቃው መቀመጫም ከልባስ ተጠርጎ ይገባል፤ አለዚያ ከመደርደሪያው ጋር ይጋገራል።

የጀበና ጥቁረት ቀለም ከመሰልዎ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ጭስ ነው፤ የጋለው ዕቃ በገለባ ወይም በቅጠል ታፍኖ አየር ሲያጥረው ካርቦኑ ውስጡ ይሰርጋል።