ከውኃው በታች ያለው አገር

አሶሳ ተቀምጦ «የቅኝት ጀልባ ነጂ ነኝ» የሚል ሰው ሳቅ ይገጥመዋል። «ባሕሩ የት አለና?» ይሉኛል ሻይ ቤት። አይፈረድባቸውም፤ ከተማው ከውኃው ይርቃል፣ ሕዳሴ ግድብ ሲባልም ለሁሉም ሰው ትዝ የሚለው ጉባ ላይ የቆመው የኮንክሪት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ያቆመው ውኃ፣ ዛሬ ንጋት ሐይቅ የምንለው፣ ሲሞላ ግን 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የጣናን ግማሽ ያልፋል። ወደ ኋላም 246 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በአንድ ወገን የመተከል ዞን አለ፣ በሌላው ሸርቆሌንና ሴርባ ዓባይን የመሳሰሉ ወረዳዎች። ግድቡ አናት ላይ ፎቶ የሚነሳ ጎብኚ የሚያየው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው በኮረብታዎች መሐል እየተጠማዘዘ ይሰወራል። የእኛ ውሎ እዚያ ነው።

ሐይቁ ገና ልጅ ነው። የመጀመሪያው ሙሌት የተያዘው በሐምሌ 2012፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። ጣና ላይ ቢሆን ከነገደ ወይጦ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ጀምሮ እስከ ገዳማቱ ጀልባ ነጂ ድረስ፣ የቱ ነፋስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ከአያት ከቅድመ አያት የተረከበ ሰው አይጠፋም። ንጋትን የሚያውቅ ሰው ግን ገና አልሸመገለም። ጥልቀት መለኪያ መሣሪያውም ቢሆን ከጀልባዋ ሆድ ሥር ያለውን ይነግርሃል እንጂ ከፊትህ የተጋረጠውን አይነግርህም።

ስለዚህ ስለ መሬቱ እንጠይቃለን። ሙሌቱ ሲመጣ ከቀያቸው ተነሥተው ከፍ ወዳለ ቦታ የሠፈሩ አንድ የጉሙዝ አዛውንት አንዳንዴ አብረውን ይወጣሉ። እሳቸውን «አባባ፣ እዚህ ጋ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ማለት ለሁለታችንም ድካም ነው። «እዚህ ጋ ምን ነበረ?» ሲባሉ ግን ቀና ብለው የኮረብታዎቹን ጫፍ አንድ በአንድ ይለዩና ይጀምራሉ። «ያ መንታ ራስ ያለው ይታይሃል? ከሥሩ የማሽላ ማሳዬ ነበር። ከማሳው በላይ ፍየል እንኳ የማይወጣው ቋጥኝ አለ። ከእሱ ራቅ በል፣ ልጄ።» ሞተሩን ቀንሰን በቀስታ ስንጠጋ መለኪያው 31 ይላል፤ 28 ይላል፤ 12። ከዚያ ድንገት 3 ሜትር። ረዳቴ የቀርከሃ ዘንጉን ሰደደና ድንጋዩን ቆረቆረው። ላዩ ላይ ምንም አይታይም፤ ውኃው እንደማንኛውም ቦታ ሰማይ መስሎ ተኝቷል።

ከድንጋዩ የባሰው ዛፉ ነው። ከሙሌቱ በፊት ደን ተመንጥሯል፤ ነገር ግን ይህን የሚያህል ሸለቆ እስከ መጨረሻው ጓዳው ድረስ መንጥሮ መጨረስ ከባድ ነው። ውኃ የዋጠው ዛፍ ቶሎ ይበሰብሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ጠንካራ እንጨት ከውኃ በታች፣ አየር በማያገኝበት ቦታ፣ እንደቆመ አሥርት ዓመታት ይዘልቃል። ጋናዎች ይህን በመከራ ተምረውታል። የአኮሶምቦ ግድብ በ1965 እ.ኤ.አ. የቮልታን ሐይቅ ከሠራ ወዲህ፣ ሰውና ጭነት ያጨቁ የእንጨት ጀልባዎች ውኃ ውስጥ በቀረ ጉቶ እየተመቱ የስንቱን ሰው ነፍስ በልተዋል። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም ጉቶ ማውጣት ሥራቸው ነው፤ የባሕር ኃይላቸውም ሐይቁ ላይ ቅኝት ይወጣል። እኛ የምንጀምረው ከእነሱ ዘግይተን ስለሆነ ቢያንስ ይህን ሳናይ አንቅር እላለሁ።

በዚህ ላይ ውኃው ቁመቱን ይቀያይራል። ሐይቁ ሲሞላ የውኃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው፤ ኃይል ሲመነጭ ግን እየወረደ ይሄዳል። ግድቡ የተነደፈው ውኃው እስከ 590 ሜትር ዝቅ ቢል እንኳ ተርባይኖቹ እንዲሠሩ ተደርጎ ነው። የቀድሞው ባሕር ኃይል ሰዎች ምፅዋ ላይ የተማሩት የባሕር ሙላትና ጉድለት በቀን የሚመላለስ ነው፣ ሰንጠረዥ ወጥቶለታል። የእኛ ሙላት ዓመት ጠብቆ ይመጣል፤ ክረምቱ ይሞላዋል፣ ተርባይኑ ያጎድለዋል። በመስከረም በላዩ የበረርንበት ጉቶ ግንቦት ላይ ከውኃው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይጠብቀናል። ጭራሽ ብቅ ካለ እሰየው፣ ይታያል። በጂፒኤስ ጉቶ የሚመዘግቡ ወጣቶች አጠገቡ የዕለቱን የውኃ ከፍታ ካልጻፉ መዝገቡን አልፈርምም። ከፍታ የሌለው ነጥብ ሰው ይገድላል።

ስለ ነፋሱ ብዙ አልልም። ውኃው በተንጣለለበት ቦታ የሚነሳው ማዕበል እንደ ባሕር ማዕበል ረጅም አይደለም፤ አጭርና ተደራራቢ ነው፣ ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሳትነሣ ሌላው ይደርስባታል። የበልግ መብረቅ ሲጀምር ወደ ዳር መውጣት ነው፤ ጀግንነት አያስፈልግም።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ጀልባ ማስቆም ነው። ከእኛ በፊት ዩኒፎርማችን ይታያል። መተከል በ2013 በኮማንድ ፖስት ሥር የነበረ ዞን ነው፤ ያን ጊዜ ዘመድ ያልቀበረ ቤት የሌለበት ቀበሌ አለ። ስለዚህ ከሩቅ ሞተር እናበርዳለን፣ ከነፋሱ በታች በኩል እንጠጋለን፣ ረዳቴ ሁለት መዳፉን አሳይቶ እንደ ሰውየው በጉሙዝኛ ወይም በዓረብኛ ሰላምታ ይሰጣል። አማርኛው በኋላ ይደርሳል። በዚህ መሐል ዓይኔ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከውኃው በላይ ምን ያህል ቀርቷል? ላይፍ ጃኬት መጠየቅ ሁለተኛ ነው። አንድ ቀን ያስቆምናት ጀልባ በቆሎና ከሰል በጆንያ፣ አራት ፍየል፣ ሕፃን ያዘሉ ሁለት ሴቶች ጭናለች፤ ከውኃው በላይ የቀረው ጠርዝ መዳፌን አያክልም።

«ግማሹን እዚህ ዳር አውርዱና ተመለሱበት» አልኩ።

«ነዳጁን ማን ይከፍላል?» አለ ባለ ጀልባው። አንደኛዋ ሴት ደግሞ፦ «እህቴ ማዶ ናት። ድሮ በእግር ነበር የምሄደው።»

ለዚህ መልስ የለኝም። ውኃው ዘመድና ገበያ ለሁለት ከፍሏል፤ ሰዉ ይሻገራል፣ ብንከለክለውም ማታ ማታ ይሻገራል። ፈጣን ሞተር ቢጨመርልን ብዙ ሰው በማሳደድ ብቻ እንታወቃለን እንጂ የሚሰጥመው አይቀንስም። እኔ የምመርጠው ቀለም ነው። እንግሊዛዊው የፓርላማ አባል ሳሙኤል ፕሊምሶል በ1876 እ.ኤ.አ. ያስወጣው ሕግ መርከብ ጎኑ ላይ የጭነት መስመር እንዲቀባ አስገደደ፤ መስመሩ ከውኃው በታች ከገባ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ፖሊስም አይጠይቅም፤ ተሳፋሪዋ ራሷ አይታ «አልሳፈርም» ትላለች። እያንዳንዱ ጀልባ ቁጥርና አንድ ቀይ መስመር ቢኖረው ከግማሽ በላይ ክርክራችን ያልቃል ባይ ነኝ። ባልደረቦቼ ቀዩን መስመር ማታ ከፍ አድርገው የሚቀቡ አይጠፉም ይላሉ። አይጠፉም።

ለዘንድሮ ቀለምና ብሩሽ ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ጉቶና ቋጥኝ ለሚያሳዩን አዛውንቶች የውሎ አበል ብለን ያቀረብነው ግን «ባለሙያ ስላልሆኑ የሚከፈልበት የሒሳብ መደብ የለም» ተብሎ ተመልሷል። እስኪገኝ ድረስ ስኳርና ቡና ከኪሳችን እያዋጣን ነው።