ስለ ቁርጥማት ማስታገሻ ክኒኖች

ዕድሜ ሲገፋ ጉልበት መቈርጠሙ፥ ወገብ መያዙ በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ፥ የማስታገሻው ክኒንም በየትራሱ ሥር አይታጣም። እኛ የምናውቃቸው አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ሌሊት ለኪዳን ሲነሡ፥ ጉልበታቸው እንዲታዘዝላቸው፥ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ዲክሎፌናክ በጉንጭ ውኃ ይውጡ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀምሱም። ልጃቸው ከአሜሪካ አድቪል የተባለውን በላከችላቸው ጊዜ፥ ስሙ ሌላ ስለሆነ መድኃኒቱም ሌላ መስሏቸው ሁለቱን አብረው ይወስዱ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቈረ፥ ራሳቸውንም ያዞራቸው ጀመር። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጨጓራቸው ቈስሎ ሲደማ ተገኘ።

አድቪል ኢቡፕሮፌን ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደግሞ፥ ከኢንዶሜታሲንና ከናፕሮክሲን ጋራ፥ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳያዘጋጅ ይከለክላሉ። ይህ ንጥረ ነገር በመገጣጠሚያ ላይ እብጠትንና ሕመምን ያነሣሣል፤ ነገር ግን ጨጓራን ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀው፥ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም የሚያስተካክለው እርሱ ነው። ስለዚህ ክኒኑ ሕመሙን ሲያስታግሥ ጠባቂውንም አብሮ ያሰናብተዋል። መርፌው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በመርፌም ቢገባ በደም ዞሮ ስለሚሠራ ጨጓራው አያመልጥም።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ? ሕመሙ በጉልበት ወይም በእጅ ጣቶች ላይ ሲሆን የዲክሎፌናክ ቅባት ይቅደም፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነውና። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የዋህ ነው፤ ዳሩ ግን እብጠትን አያበርድም፥ ለጉልበት ቁርጥማትም እፎይታው ትንሽ ነው፥ በቀን ከ4 ግራም ካለፈም ጉበትን ይጎዳል። ሴሌኮክሲብ ከሌሎቹ ይልቅ ለጨጓራ ይራራል፤ ለልብ ሕመምተኛ ግን ያሠጋል፤ ዘመዱ ሮፌኮክሲብ በ2004 ከገበያ የወጣው በልብ ጠንቅ ምክንያት ነው። ዲክሎፌናክም ከዚህ ሥጋት ነጻ አይደለም።

ክኒኑ የግድ ከሆነ አንዱ ብቻ፥ በትንሹ መጠን፥ ለጥቂት ቀን፥ ከምግብ በኋላ ይወሰድ። (ምግብ ማቃጠሉን ያቀልላል እንጂ ቍስልን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ስለዚህ ያረጀ ወይም አስቀድሞ ጨጓራው የታመመ ሰው ኦሜፕራዞል እንዲጨመርለት ሐኪሙን ይጠይቅ።) ለደም ግፊት ኤናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው፥ ኩላሊቱም የደከመ፥ ሐኪም ሳያዝዝለት ከዚህ ወገን አንዱንም አይንካ። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ።

እኒያ እናት ዛሬ ቅባቱን ይቀባሉ፤ የንስሐ አባታቸውም የሐኪሙን ቃል ሰምተው የጾሙን ሰዓት አሳጥረውላቸዋል። አድቪሉን ለልጃቸው መልሰው መላክ አፍረው በሣጥን ቈልፈውበታል።